ለ17 ዓመት ልጅ 7 ሚሊዮን ዶላር ማን ነው የሚከፍለው? የኤጄ ዲባንሳ ነገርና የአሜሪካ የሃይስኩል ባስኬት ገበያ

ዲሴምበር 10 ቀን 2024 (እዚህ ጽሁፍ ላይ ያሉት ዓመቶች በሙሉ በፈረንጅ ናቸው) አንድ የ17 ዓመት የሃይስኩል ተማሪ ኢኤስፒኤን የሚባለው የስፖርት ቲቪ ላይ በላይቭ ቀርቦ የት ዩኒቨርሲቲ እንደሚገባ ተናገረ። ልጁ ኤጄ ዲባንሳ ነው፣ የመረጠው ደግሞ ዩታ ስቴት ውስጥ ያለውን ብሪገም ያንግ ዩኒቨርሲቲን፣ በአጭሩ ቢዋይዩ የሚሉትን። እምቢ ያላቸው እነ ካንሳስ፣ ኖርዝ ካሮላይናና አላባማ ናቸው። ወዲያው ልጁ እስከ 7 ሚሊዮን ዶላር ያገኛል የሚል ዘገባ ወጣና ወሬው ሁሉ ከባስኬት ወደ ብር ዞረ።

ኮንትራቱ በይፋ ስላልወጣ ቁጥሩን እንደ ተጨበጠ ነገር መያዝ አይቻልም፣ አንዳንዱ ዘገባ 5 ሌላው 7 ነው የሚለው። ግን ግማሹ እንኳን ልክ ቢሆን ግርታው ያው ነው። እኛ ጋ ሲወራ ደግሞ ይበልጥ ይምታታል፣ አንዱ "የ7 ሚሊዮን ስኮላርሺፕ" ይለዋል፣ ሌላው "ዩኒቨርሲቲው ገዛው" ይላል፣ ሦስተኛው ጭራሽ የአሜሪካ ፕሮፌሽናል ባስኬት ሊግ የሆነው ኤንቢኤ የገባ ይመስለዋል። ሦስቱም ልክ አይደሉም፣ ሁለተኛው ግን ለእውነቱ ይቀርባል።

ልጁ ማነው

ዲባንሳ የተወለደው ጃንዋሪ 2007 ነው፣ ያደገው ከቦስተን በስተደቡብ ባለችው ብሮክተን፣ እነ ሮኪ ማርሲያኖና ማርቪን ሃግለር የወጡባት የቦክሰኞች ከተማ። አባቱ ከኮንጎ ብራዛቪል የመጣ ስደተኛ ነው፣ ቦስተን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በግቢ ፖሊስነት ሰርቷል። እናቱ የጃማይካ ሰው ናት። ቁመቱ ሁለት ሜትር ከስድስት ሴንቲ አካባቢ ነው፣ ግን እንደ ረጅም ልጆች ቅርጫት ስር ቆሞ ኳስ የሚጠብቅ አይደለም፣ ኳስ ይዞ ከራቀ ቦታ ሰው እያለፈ የሚመጣ የክንፍ ተጫዋች ነው። በዚህ ቁመት እንዲህ የሚንቀሳቀስ ልጅ ብዙ ስለሌለ ነው መልማዮቹ ገና ዘጠነኛ ክፍል እያለ ደጁን የዘጉት።

የሃይስኩል ጉዞውን ስታዩት የተማሪ ሳይሆን የተጫዋች ዝውውር ነው የሚመስለው። ዘጠነኛ ክፍልን ማሳቹሴትስ ሴንት ሰባስቲያንስ የሚባል የካቶሊክ ትምህርት ቤት ጀመረ፣ ቀጥሎ ካሊፎርኒያ ናፓ ወደሚገኘው ፕሮሊፊክ ፕሪፕ ሄደ፣ የመጨረሻውን ዓመት ደግሞ ደቡብ ዩታ ሀሪኬን ከተማ ባለው ዩታ ፕሪፕ ጨረሰ። ሦስት ዓመት፣ ሦስት ስቴት። ፕሪፕ የሚባሉት በስም ለኮሌጅ የሚያዘጋጁ ትምህርት ቤቶች ናቸው፣ በተግባር ግን ብዙዎቹ መጀመሪያ ቡድን ተቋቁሞ ከዛ ትምህርቱ ዙሪያውን የተሰራላቸው ናቸው።

ትምህርት ቤቱ ክለብ ሲሆን

ይሄ ለኛ ግር የሚለን የኳሱን ዓለም በአውሮፓ ክለቦች ስለለመድነው ነው። አውሮፓ ውስጥ ልጁ ጎበዝ ከሆነ ክለብ ይወስደዋል፣ ትምህርቱ የቤተሰቡ ጉዳይ ነው። ሉካ ዶንቺችን ብትወስዱ በ16 ዓመቱ ለሪያል ማድሪድ ዋናው ቡድን ተሰልፏል፣ ደሞዝተኛ ነው፣ ማንም "የትኛው ዩኒቨርሲቲ ልትገባ ነው" አላለውም። አሜሪካ ውስጥ ግን ወጣት ማሰልጠኛው ራሱ ትምህርት ቤቱ ነው፣ ሃይስኩሉ ታዳጊ ቡድን ነው፣ ዩኒቨርሲቲው ደግሞ ሁለተኛ ዲቪዚዮን በሉት፣ ግን አንዳንዱ 15 እና 20 ሺህ ሰው የሚይዝ አዳራሽ ያለው ሁለተኛ ዲቪዚዮን።

ከትምህርት ቤቱ ጎን ደግሞ ሌላ ትይዩ ዓለም አለ፣ የጫማ ካምፓኒዎቹ ሰርኪውት። ናይኪ፣ አዲዳስና አንደር አርመር እያንዳንዳቸው በፀደይና በክረምት የሚካሄድ የታዳጊዎች ሊግ አላቸው፣ የናይኪው ኢዋይቢኤል ይባላል፣ መጨረሻው በየጁላይ ሳውዝ ካሮላይና ኖርዝ ኦገስታ ላይ የሚደረገው ፒች ጃም ነው። ትልልቆቹ አሰልጣኞች ሁሉ ዳር ዳር ተደርድረው የሚቀመጡት እዛ ነው። ልጁ ከሃይስኩሉ በላይ የሚታየውም የደረጃ ሰንጠረዡ የሚወጣለትም እዚሁ ነው። ጫማ ሻጩ ልጁን በ14 ዓመቱ የሚያውቀው ትልቅ ሲሆን ጫማውን እንዲያደርግለት ነው፣ ይሄን ማንም ሲደብቀው አላየሁም።

ለምን አንድ ዓመት ብቻ ኮሌጅ?

ኬቨን ጋርኔት በ1995፣ ኮቢ ብራያንት በ1996፣ ሌብሮን ጄምስ በ2003 ከሃይስኩል በቀጥታ ነው ኤንቢኤ የገቡት። ይሄ በር የተዘጋው 2005 ላይ ሊጉና የተጫዋቾች ማህበሩ በተፈራረሙት ስምምነት ነው። ከ2006 ድራፍት ጀምሮ ተጫዋቹ ድራፍቱ በሚደረግበት ዓመት ውስጥ 19 ዓመት የሚሞላው መሆን አለበት፣ አሜሪካዊ ከሆነ ደግሞ ክላሱ ከሃይስኩል ከተመረቀ ቢያንስ አንድ ዓመት ማለፍ አለበት። ድራፍት ማለት ክለቦች በተራ አዳዲስ ልጆች የሚመርጡበት ስነስርዓት ነው፣ ልጁ ክለብ አይመርጥም፣ ክለቡ ነው የሚመርጠው።

እዚህ ሕግ ላይ ቀኑ ራሱ ገንዘብ ነው። ኩፐር ፍላግን እዩት፣ ሜይን ስቴት ኒውፖርት የምትባል ትንሽ ከተማ ያደገ ልጅ ነው፣ ከዲባንሳ አንድ ዓመት ቀድሞ የሃይስኩሉ አንደኛ የነበረ። የተወለደው ዲሴምበር 21 ቀን 2006 ነው። ስለዚ ለ2025 ድራፍት የዕድሜውን መስፈርት ያሟላው ዓመቱ ሊያልቅ አስር ቀን ሲቀረው በሚሞላው 19 ነው። ጥቂት ቀን ዘግይቶ በጃንዋሪ 2007 ተወልዶ ቢሆን አንድ ዓመት ሙሉ ይጠብቅ ነበር። ፍላግ የ2025 ተመራቂ መሆን ሲገባው በ2024 ተመርቆ ዱክ ዩኒቨርሲቲ ገባ፣ ዲባንሳም እንደዚሁ ከ2026 ክላስ ወደ 2025 ዞረ። ይሄን ሪክላሲፋይ ማድረግ ይሉታል፣ የትምህርቱን ፕሮግራም አጣጥፎ በአንድ ዓመት ቀድሞ መጨረስ ማለት ነው።

አንድ ዓመት ምን ያደርጋል ካላችሁ፣ የመጀመሪያው የኤንቢኤ ኮንትራት ዋጋው በሰንጠረዥ የተወሰነ ነው፣ እስከ አራት ዓመት ይሄዳል፣ ትልቁ ብር ያለው ከሱ በኋላ የሚመጣው ሁለተኛው ኮንትራት ላይ ነው። ስለዚ አንድ ዓመት ቀድሞ የገባ ልጅ የሚያተርፈው የዛሬውን ሳይሆን ጉልበቱ ገና ሳለ የሚፈርመውን አንድ ተጨማሪ የትልቅ ደሞዝ ዓመት ነው። ፍላግ ጁን 2025 ላይ ዳላስ አንደኛ አድርጎ ሲመርጠው የመጀመሪያ ዓመት ደሞዙ 13.8 ሚሊዮን ዶላር አካባቢ ሆኗል።

እንግዲህ ከሃይስኩል መጨረሻ እስከ ኤንቢኤ መጀመሪያ ድረስ ያለችው አንዲት ዓመት፣ ልጁ ወዶ ያላመጣት ዓመት፣ ናት ገበያው። ያቺን ዓመት ማን ይወስዳታል ነው ጨረታው። ኤንቢኤ ራሱ በ2020 ጂ ሊግ ኢግናይት የሚባል ቡድን አቋቁሞ ለነ ጄለን ግሪን ግማሽ ሚሊዮን ዶላር አካባቢ እየከፈለ ሞክሮ ነበር፣ በ2024 ዘጋው። የዘጋበት ምክንያት ቀላል ነው፣ ኮሌጆቹ ከሱ በላይ መክፈል ጀመሩ።

ብሩ ከየት ነው የሚመጣው

እዚህ ጋ ነው ዋናው ግርታ ያለው። የኮሌጅ ስፖርትን የሚያስተዳድረው ኤንሲኤኤ ለአስርት ዓመታት ተጫዋች አማተር ነው ብሎ ይከራከር ነበር፣ አማተር ማለት ለፍቅሩ እንጂ ለብር የማይጫወት። የሚፈቀድለት ስኮላርሺፕ ነው፣ ማለትም የትምህርት ክፍያ፣ መኝታና ምግብ። በዛው ጊዜ ግን ማርች ማድነስ የሚባለው የኮሌጅ ባስኬት ውድድር ከ2025 እስከ 2032 ላሉት ስምንት ዓመታት ብቻ በ8.8 ቢሊዮን ዶላር ለቲቪ ተሽጧል፣ እንደ ኬንታኪው ጆን ካሊፓሪ ያሉ አሰልጣኞች በዓመት ከ8 ሚሊዮን በላይ ይበሉ ነበር።

ልጆቹስ? በ2014 ሻባዝ ናፒየር የሚባል ተጫዋች ኮኔቲከት ዩኒቨርሲቲን ሻምፒዮን ሲያደርግ ርቦት የሚተኛባቸው ሌሊቶች እንዳሉ ለጋዜጠኞች ተናገረ። ነገሩ አሳፋሪ ስለነበር ኤንሲኤኤ በቀናት ውስጥ ያልተገደበ ምግብ ፈቀደ። ናፒየር የቦስተን ልጅ ነው፣ ከዲባንሳ ሰፈር በመኪና ግማሽ ሰዓት ቢሆን ነው። በሁለቱ መካከል ያለው አስር ዓመት ብቻ ነው፣ አንዱ ራት አጥቶ ሌላው ሚሊዮን።

መሀል ላይ የሆነው ፍርድ ቤት ነው። ኤድ ኦባነን የሚባል በ1995 ከዩሲኤልኤ ጋር ሻምፒዮን የሆነ ተጫዋች ራሱን ቪዲዮ ጌም ውስጥ አገኘው፣ አስር ሳንቲም አልተከፈለውም፣ በ2009 ከሰሰ። ዳኛዋ ክላውዲያ ዊልከን በ2014 በአብዛኛው ፈረዱለት። ቀጥሎ ጁን 2021 ላይ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ አልስተን በተባለው መዝገብ 9 ለ 0 ኤንሲኤኤ ላይ ፈረደ። ጉዳዩ በቀጥታ ስለ ደሞዝ ሳይሆን ከትምህርት ጋር ስለተያያዙ ጥቅማጥቅሞች ነበር፣ ግን ዘጠኝ ለባዶ ሲሆን መልእክቱ ለማንም ግልጽ ነው። በአስረኛው ቀን፣ ጁላይ 1 2021፣ ኤንአይኤል ተፈቀደ።

ኤንአይኤል ማለት በአጭሩ የስም፣ የምስልና የመልክ መብት ነው። ልጁ ማስታወቂያ ቢሰራ፣ ማልያ ላይ ቢፈርም፣ ኢንስታግራም ላይ የሆነ ነገር ቢያስተዋውቅ ክፍያው የራሱ ነው የሚል ነው። ሀሳቡ እዚህ ድረስ ንፁህ ነው። ግን ወዲያው ኮሌክቲቭ የሚባል ነገር ተፈጠረ፣ የዩኒቨርሲቲው ሀብታም ደጋፊዎችና የድሮ ተማሪዎች ብር የሚያዋጡበት ማህበር፣ መዋጮው እንደ እድር ነው ልዩነቱ የሚያዋጡት ለድል መሆኑ ነው። ማህበሩ ለልጁ "ለማስታወቂያ" ይከፍለዋል፣ ማስታወቂያው አንዳንዴ ሁለት ፖስት ነው። ሁሉም የሚያውቀው ክፍያው እዛ ዩኒቨርሲቲ እንዲጫወት መሆኑን ነው። ዲባንሳ ሲፈርም የነበረው ዓለም ይሄ ነው።

እሱ ሜዳ ከመግባቱ በፊት ደግሞ ሕጉ እንደገና ተቀየረ። ሃውስ በተባለው የክስ መዝገብ ላይ የተደረሰውን ስምምነት ያው ዳኛ ዊልከን ጁን 6 2025 አፀደቁት። ከጁላይ 1 2025 ጀምሮ ዩኒቨርሲቲ ራሱ ከገቢው ቆርሶ ለተጫዋች በቀጥታ መክፈል ይችላል፣ ለመጀመሪያው ዓመት ጣሪያው ለአንድ ዩኒቨርሲቲ 20.5 ሚሊዮን ዶላር ነው፣ ያለፉት ዓመታት ተጫዋቾች ደግሞ በአስር ዓመት የሚከፋፈል 2.8 ቢሊዮን ገደማ ካሳ ተፈረደላቸው። ልብ በሉ፣ 20.5ቱ ለሁሉም ስፖርት ነው፣ ትልልቆቹ ዩኒቨርሲቲዎች ደግሞ አብዛኛውን የሚሰጡት ለአሜሪካን ፉትቦል ነው። ለባስኬት የሚተርፈው ለሙሉ ቡድን ጥቂት ሚሊዮን ነው።

ታዲያ አንድ ልጅ ብቻውን እንዴት ነው 5 እና 7 ሚሊዮን የሚያገኘው? ከሁለት ኪስ። አንዱ ከዩኒቨርሲቲው ድርሻ፣ ሌላው ከውጪ። ለምሳሌ ዲባንሳ ከናይኪና ከሬድ ቡል ጋር ውል አለው፣ እንደዚህ ዓይነቱ እውነተኛ ማስታወቂያ ስለሆነ ከጣሪያው ውጪ ነው የሚቆጠረው። የደጋፊዎቹ መዋጮም ከውጪ ነው የሚመጣው፣ አሁን ግን ከ600 ዶላር በላይ የሆነ የሦስተኛ ወገን ውል ሁሉ ዴሎይት የሚባለው የሂሳብና የማማከር ድርጅት የሰራው ማጣሪያ ውስጥ ማለፍ አለበት፣ ዋጋው ተመጣጣኝ ነው ወይስ የተደበቀ ደሞዝ ነው ተብሎ። ማጣሪያው ይሰራል ወይ? የራሴ ግምት ሀብታም ደጋፊና ጎበዝ ጠበቃ ያለው ዩኒቨርሲቲ ሁሌም መንገድ አያጣም ነው። ፍርድ ቤት ደግሞ ባለፉት ዓመታት ተጫዋች ብር እንዳያገኝ ለሚከለክል ሕግ ፊት ሲሰጥ አልታየም።

ቢዋይዩ ለምን?

ዩኒቨርሲቲው በተለምዶ ሞርሞን የሚባሉት ቤተክርስቲያን ንብረት ነው፣ ተማሪው ቡና፣ ሻይና አልኮል እንዳይጠጣ፣ ከጋብቻ በፊት ግንኙነት እንዳያደርግ የሚያዝ የስነምግባር ደንብ አለው። (ቡና የለም ማለት ለኛ ሰው ሌላው ሁሉ ቢሟላ እንኳን ከባድ ነው።) ዲባንሳ ደግሞ ካቶሊክ ነው። ስለዚ ብር ባይኖር አይሄድም ነበር የሚለው ክርክር ጉልበት አለው።

ግን ብር ብቻ ነው ማለትም ነገሩን ማሳጠር ነው፣ ምክንያቱም ሌሎቹም ብር አላቸው። ቢዋይዩ በ2023 ቢግ 12 የሚባለው ጠንካራ ሊግ ውስጥ ገባ፣ በ2024 ደግሞ ኬቨን ያንግን አሰልጣኝ አድርጎ ቀጠረ፣ ፊኒክስ የሚባለው የኤንቢኤ ክለብ ውስጥ ምክትል ሆኖ ኮከቡን ኬቨን ዱራንትን ያሰለጠነ ሰው። የዲባንሳ የልጅነት አርአያ ዱራንት ነው። ያንግ በዙሪያው የሰበሰባቸው ባለሙያዎችም ብዙዎቹ ኤንቢኤ የሰሩ ናቸው፣ የሚሸጡት ሀሳብ "አንድ ዓመት ኤንቢኤ ክለብ ውስጥ እንዳለህ እንይዝሃለን" የሚል ነው። ከሱ በፊት እዛው የተጫወተው ሩሲያዊው ኢጎር ዲዮሚን በ2025 ድራፍት ስምንተኛ ተመርጧል። የኤንቢኤው ክለብ የዩታ ጃዝ ባለቤት ራያን ስሚዝም የዚሁ ዩኒቨርሲቲ ልጅና ቋሚ ደጋፊ ነው። ዩኒቨርሲቲው በበኩሉ የሚያገኘው ዋንጫ ላይሆን ይችላል፣ ስም ግን ወዲያው ያገኛል፣ እነ ካንሳስን ያሸነፈ ምልመላ ለቀጣዩ ልጅ ማሳያ ነው።

ሁለቱ ወገን የሚሉት

ተቃዋሚዎቹ የሚሉት የ17 ዓመት ልጅ ላይ ጨረታ መክፈት ትምህርቱን ቀልድ ያደርገዋል፣ ለአንድ ዓመት የሚመጣ ልጅ ሁለተኛውን ሴሚስተር እንኳን በቅጡ ላይማር ይችላል፣ ትንንሽ ዩኒቨርሲቲዎችም ይጠፋሉ ነው። ደጋፊዎቹ ደግሞ ሁሉም ሰው ከልጁ ሲያተርፍ ልጁ ብቻ ለምን በፍቅር ይጫወት ይላሉ። ሌላም ነገር ይጨምራሉ፣ ብሩ ድሮም ነበር። በ2017 ኤፍቢአይ የአዲዳስ ሰዎችንና ረዳት አሰልጣኞችን ሲይዝ፣ አንድን ልጅ ሉዊቪል ዩኒቨርሲቲ ለማስገባት ለቤተሰቡ 100 ሺህ ዶላር በድብቅ ሊከፈል እንደነበር ወጥቷል፣ የሉዊቪሉ ታዋቂ አሰልጣኝ ሪክ ፒቲኖም ስራውን ያጣው ያኔ ነው። የዛን ጊዜ ወንጀል የተባለው ዛሬ ደረሰኝ ያለው ንግድ ነው፣ ግብርም ይከፈልበታል።

እኔ ወደ ሁለተኛው አደላለሁ፣ ትምህርቱ ቀረ የሚለው ክርክር የዕድሜ ገደቡን ያወጡትን መጠየቅ ሲገባው ልጁን ስለሚጠይቅ። ግን ሁለቱም ወገን ክርክሩን ዲባንሳ ላይ ስላደረጉት የሚያልፋቸው ነገር አለ።

የሚጎዳው ኮከቡ ሳይሆን መቶኛው ልጅ ነው

ከብሩ ጋር አብሮ የመጣ ሌላ ለውጥ አለ፣ ትራንስፈር ፖርታል። ዩኒቨርሲቲ መቀየር የሚፈልግ ተጫዋች ስሙን የሚያስገባበት ሲስተም ነው፣ ድሮ የቀየረ ልጅ አንድ ዓመት ይቀመጥ ነበር፣ ከ2021 አንዴ ያለ ቅጣት ተፈቀደለት፣ ከ2024 ወዲህ ደግሞ ትምህርቱን ካሟላ በፈለገው ቁጥር። በ2025 ፀደይ ብቻ ከ2,000 በላይ የአንደኛ ዲቪዚዮን ወንዶች ስማቸውን አስገቡ። በዛ ላይ በኮቪዱ ዓመት የተጫወቱ ሁሉ ተጨማሪ አንድ ዓመት ስለተሰጣቸው ሜዳው በ22 እና 23 ዓመት ጎልማሶች ተሞላ።

አሰልጣኝ ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ? አቅሙ ያልታወቀ የ18 ዓመት ልጅ ወስዳችሁ ሁለት ዓመት ታሳድጋላችሁ ወይስ ሌላ ቦታ ተፈትኖ የመጣ የ22 ዓመት ሰው ትገዛላችሁ? በ2025 ፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ ሻምፒዮን ሲሆን ዋልተር ክሌይተን ከአዮና፣ አሊጃ ማርቲን ከፍሎሪዳ አትላንቲክ፣ ዊል ሪቻርድ ከቤልሞንት የመጡ ናቸው፣ ሦስቱም የመጨረሻ ዓመት ተማሪዎች። ፍላግንና ሌሎች የሃይስኩል ኮከቦችን የያዘው ዱክ ግማሽ ፍፃሜ ላይ በሂውስተን 70 ለ 67 ወደቀ።

ብሩ ደግሞ ትልልቆቹን ኮሌጅ ውስጥ ያቆያቸዋል። ከመጀመሪያው ዙር መጨረሻ የሚመረጥ ልጅ ኤንቢኤ የመጀመሪያ ዓመቱ ላይ ከ3 ሚሊዮን ዶላር በታች ነው የሚያገኘው፣ ይሄን ኮሌጅ ይከፍለዋል። ለዚህ ነው በ2021 ከ350 በላይ የነበረው ጊዜያቸው ሳይደርስ ድራፍት የሚመዘገቡ ልጆች ቁጥር በ2025 ወደ 106 የወረደው። እነሱ በቆዩ ቁጥር ከስር የሚመጣው ቦታ ያጣል። ሰንጠረዡ ላይ አንደኛ፣ አስረኛ፣ ሰላሳኛ የሆነው ልጅ ምንም አይሆንም። መቶኛው፣ ሁለት መቶኛው፣ ድሮ ጥሩ ዩኒቨርሲቲ ሙሉ ስኮላርሺፕ ሰጥቶ አራት ዓመት የሚያስተምረው ልጅ ነው አሁን ስልኩ የማይጮኸው። ቤተሰቡን ከዕዳ የሚያድነው ስኮላርሺፕ የሱ ነበር፣ ለዲባንሳ ስኮላርሺፕ ምኑም አይደለም።

አሜሪካ ያሉ ቤተሰቦቻችን ጋ ሲመጣ

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሌክሳንድሪያ፣ ዲሲ ዙሪያ ያለው ወገናችን ሳያውቀው የሀገሪቱ ዋና የባስኬት መንደር ውስጥ ነው ያለው። ዱራንት የወጣው ከዛው ከፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ ነው፣ እነ ዲማታና ጎንዛጋ ያሉበት የካቶሊክ ትምህርት ቤቶች ሊግም ከሀገሪቱ ጠንካሮቹ አንዱ ነው። ስለዚ እዛ የሚያድግ ረዘም ያለ ልጅ ያለው ቤት ውስጥ የሰርኪውት ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም። ቁጥሩን ግን ማየት ነው፣ በሀገሪቱ ወደ 540,000 ወንዶች ሃይስኩል ባስኬት ይጫወታሉ፣ በየትኛውም ዲቪዚዮን ኮሌጅ የሚጫወተው 3.5 በመቶ ገደማው ነው፣ ድራፍቱ ላይ ያሉት ቦታዎች ደግሞ 60 ናቸው፣ ከነሱም በርካታው በውጪ ሀገር ልጆች ይያዛል።

ከሀገር ቤት በተማሪ ቪዛ ለሚመጣ ልጅ ሌላ ግድግዳ አለ። ኤፍ ዋን የሚባለው ቪዛ ከጠባብ ፈቃዶች ውጪ መስራትን ስለሚከለክል፣ አሜሪካ ውስጥ ሆኖ ማስታወቂያ ሰርቶ መከፈል ስራ ነው ከተባለ ቪዛውን ሊያሳጣው ይችላል። ካናዳዊው ዛክ ኢዲ ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ እያለ በ2023 እና በ2024 በተከታታይ የሀገሪቱ ምርጥ ተጫዋች ተብሎ እንኳን ሌሎቹ የሚያገኙትን ያህል ማግኘት አልቻለም። ግሪን ካርድ ወይም ዜግነት ያለው ልጅ ይሄ ችግር የለበትም።

ከጎረቤታችን ደቡብ ሱዳን የመጣውና ኡጋንዳ ያደገው ካማን ማሉዋች ዱክ ውስጥ የፍላግ የቡድን ጓደኛ ነበር። ኤፕሪል 5 ቀን 2025 ሳን አንቶኒዮ ላይ ያንን የሂውስተን ጨዋታ ሊጫወቱ በተዘጋጁበት ዕለት የአሜሪካ መንግስት የደቡብ ሱዳን ፓስፖርት የያዙ ሰዎችን ቪዛ በሙሉ መሰረዙን አስታወቀ። ማሉዋች ማታ ሜዳ ገብቶ ተጫወተ፣ በጁን ድራፍት አስረኛ ሆኖ ተመረጠ።